ማሰናበት የማይሆንላቸው መሪጌታ ላቀው

«መሪጌታ ላቀው እኮ ሄዱ» አለችኝ በስልክ፣ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ። ድምፅዋ የመርዶ መሰለኝና የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። «ሞቱ እንዴ?» ስላት፣ «ኧረ ምን ሞት አመጣሽ! ገዳም ገቡ። ቤቱን ለልጃቸው ሰጥተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መነኑ» አለች። እፎይ! ነፍሴ መለስ አለች። «ለመሰናበት ግን ወር ሙሉ ፈጀባቸው። እዚህ አገር ያልተሰናበቱት በግና አህያ ብቻ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ።

ያሳቀኝ ነገር አለ። መሪጌታ ላቀው ራሳቸው መሰናበት እንጂ ሌላውን ማሰናበት ሞታቸው ነበር። ይህ ጠባያቸው አንድ ጊዜ ጉድ ሊያደርገን ሲል ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ጋይንት፣ አርብ ገበያ በነርስነት ስመደብ እሳቸው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነታቸው ከታወቀው የዜማ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ልሔም ገብተው ድጓ አስመስክረዋል። ከጎለመሱ በኋላ ደግሞ ማታ ማታ ተምረው አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ፤ ዲፕሎማ ጨመሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው ከተማ የገቡ የአገር ልጆች ማኅበር አቋቁመው ድረ ገጽ ሲከፍቱ፣ «አገር ቤት ሆኖ የሚጠብቅልን የታመነ ሰው» ብለው የመረጡት እሳቸውን ነው። ቁልፉ፣ ማለትም ፓስወርዱ፣ በእሳቸው እጅ ነበር። የእኛ ጤና ጣቢያ የራሱ ኢሜይል ስላልነበረው የኛም ደብዳቤ የሚላከውና የሚመጣው በዚያው በማኅበሩ ኢሜይል ነው።

ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ቅኔ ማሕሌት የቆሙ ነው የሚመስላቸው። ገጹ እስኪከፈት ያዜማሉ። ኔትወርኩ ደህና የሆነ ዕለት በግዕዝ ዜማ፣ ካንገራገረ በዕዝል፣ ጭራሽ ከጠፋ በአራራይ። እኔ ውጭ ሆኜ ዜማቸውን ሰምቼ፣ አራራይ ከሆነ ሳልገባ እመለስ ነበር። «ሲስተር፣ ምነው ደጃፍ ደርሰሽ ተመለስሽ?» ይሉኛል። «መሪጌታ፣ ዛሬ ዜማዎ ያስለቅሳል» ስላቸው፣ «አዬ የእስቴ ልጅ! ነገር ታውቂያለሽ» ብለው ይስቃሉ። እስቴ ተወልጄ ስላደግሁ ምላሴ የተሳለው እዚያ ነው ባይ ነበሩ።

አሁን ወደ ጠባያቸው። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ አርጅተው በሌላ ሰው እንዲተኩ ተወሰነ። ለሽማግሌው ሄደው እንዲነግሯቸው የተላኩት መሪጌታ ናቸው፤ አንደበታቸው ለስላሳ ነው ተብሎ። ሄዱ፣ ተመለሱ። በማግስቱ በሩ ላይ ሁለት ዘበኛ ቆሞ አገኘን። «አልነገሯቸውም እንዴ?» ሲባሉ፣ «እንዴታ፣ ነግሬያቸዋለሁ። አዲሱ ሰው እንደሚያግዛቸው ነግሬያቸዋለሁ» አሉ። ሽማግሌው እስከ ጡረታቸው ወረቀት ድረስ ሲታገዙ ከረሙ።

ይባስ ብሎ ሁለት የንስሐ አባት ነበራቸው። ወግ ያለው ሰው መንደር ሲለውጥ የድሮውን አባት አመስግኖ፣ ተሰናብቶ፣ ተመርቆ ነው ወደ አዲሱ የሚሄድ። ይህን ወግ መሪጌታ ለሌላው ሲያስተምሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ራሳቸው ግን ከወንዝ ማዶ ካሉት ከድሮ አባታቸው ደጃፍ ይደርሳሉ፣ ጠላ ይቀዳላቸዋል፣ ዳቦ ይቆረስላቸዋል፣ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ይመለሳሉ። ስለዚህ በዓል በመጣ ቁጥር አንደኛው ካህን በፊት በር ሲገቡ ሌላኛው በጓሮ ይሸኛሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው፣ «ይሄ ሰውዬ ኃጢአቱ ለአንድ አባት በዝቶ ነው?» እያሉ ያስቁን ነበር።

ብርቄ የምትባል ልጅ ወደ እኛ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። እናቷ እናኑ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ካለ ገጠር፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ አመጣቻት። ዕድሜዋ ለመታዘል ያለፈ ልጅ ናት፤ እግሯ ከእናቷ ጉልበት በታች ይንጠለጠላል። ግን አቀበት ወጥታ አታውቅም፤ ጥቂት ከተራመደች ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ ሳደርግ የሰማሁትን ድምፅ ምን ልበላችሁ፣ ልብ ሳይሆን ቀዳዳ ወናፍ ነው። የልቧ በር በሕመም ተበልቶ አልገጥም ብሏል። መድኃኒት ያቆያታል እንጂ አያድናትም። ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ሁለት ክረምት እንደማታልፍ እናኑ ሳልነግራት ገብቷታል። «ሲስተር፣ ዝም አትበይኝ። ልቅበራት ነው የወለድኳት?» አለችኝ።

ያን ጊዜ የውጭ አገር ሐኪሞች አልፎ አልፎ አዲስ አበባ እየመጡ እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ልብ በቀዶ ሕክምና ይጠግኑ ነበር። ጻፍኩ፤ መሪጌታ በማኅበሩ ኢሜይል ላኩት። «ተመዝግባለች፤ ስንመጣ ቀኑን እንጽፍላችኋለን» የሚል መልስ መጣ። መሪጌታ መልሱን ሲያነቡልኝ ቆመው ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ፣ «መጣ?» እላለሁ፤ «ገና ነው፣ ልጄ» ይላሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ድረ ገጻችንንና ኢሜይላችንን ሰርቨር በሚሉት ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠልን አዲስ አበባ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ሥራውን ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። የማኅበሩ ልጅ አንተነህ፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር የተማረ ጎረምሳ ነው፣ ሌላ ቦታ ተከራየና ገጹንም ኢሜይሉንም እዚያ አዘጋጀ። የቀረው የገጻችን ስም በተመዘገበበት ቦታ ገብቶ ኔምሰርቨሩን መለወጥ ነው፤ ይህ ደግሞ የመሪጌታ ድርሻ ነው። «ደግሞ ይሄ ኔምሰርቨር የሚሉት ምንድነው?» ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ እንግዳ አርብ ገበያ ሲገባ 'የእገሌ ቤት የት ነው?' ብሎ ይጠይቅ የለም? ያ የሚጠየቀው ሰው ማለት ነው። እጁን ዘርግቶ 'ያውልህ፣ ከወይራው አጠገብ' ይላል። ቤት ስትለውጪ ለጠቋሚው ካልነገርሽው፣ እንግዳሽ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ይውላል።»

ማለፊያ አድርገው አስረዱኝ። ሰው እንዲህ አውቆ ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። ሠሩት፤ «ጨርሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እኛም «መጣ?»፣ «ገና ነው» ማለታችንን ቀጠልን።

አንድ ረቡዕ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወለች። «የኔው ታካሚ ሊሄድ ነው፤ ያንቺዋ መቼ ነው የምትነሣው?» አለች። «ወዴት?» «እንዴ! ደብዳቤው ከመጣ እኮ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ለሁላችንም ባንድ ቀን ነው የተላከው። ለየልጁ የራሱ ደብዳቤ አለ፤ ውስጡ ያለውን 'እንመጣለን' የሚለውን እስከ ዓርብ ማታ ያልተጫነ፣ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ምን ሆናችሁ ነው?»

ከራሴ ስልክ ለሐኪሞቹ ጻፍኩ፤ «ጉዞ ላይ ነን፣ ስንመለስ እንመልሳለን» የሚል በራሱ የሚሄድ መልስ መጣልኝ። ነጭ ጋወኔን ሳላወልቅ ወደ መሪጌታ ቢሮ ሮጥኩ። እናኑ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። «ሲስተር፣ ምነው በደህና?» አለችኝ። «በደህና ነው» ብያት አለፍኩ።

መሪጌታ የደብዳቤ ሣጥኑን ከፈቱ። ምንም የለም። «ይኸው፣ የመጣ የለም» አሉ። «መጥቷል! ለሁሉም መጥቷል!» ጮህኩባቸው። በሕይወቴ በሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ አልተቀየሙኝም። አንተነህ ዘንድ ደወልን። ጓደኛዬ ደብረ ታቦር ሆና ገጻችንን ስትከፍት የድሮው እንደሚመጣላት ነግራኝ ነበርና ነገርኩት። እሱ ዘንድ ደግሞ አዲሱ ነው የሚከፈተው። «ሲስተር፣ የገጹ ስም ምዝገባ ውስጥ ግቡና ኔምሰርቨር የሚለው ሥር ያለውን አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። አራት ናቸው።

«አራት?» አለ። «እኔ የሰጠኋቸው ሁለት ነው። የድሮዎቹ እዚያ ምን ይሠራሉ?»

ዞሬ መሪጌታን አየኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ነባሮቹ ናቸው» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ያን ሁሉ ዓመት ያገለገሉንን በምን አፌ ውጡ ልበላቸው? አዲሶቹን ከሥር ጨመርኳቸው። ተጋግዘው ይሠራሉ ብዬ።»

አዬ ጉድ! ተጋግዘው! በሩ ላይ እንደቆሙት ሁለቱ ዘበኞች! እንግዲህ ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ አንዱ ጠቋሚ አዲሱን ቤት፣ አንዱ ጠቋሚ አሮጌውን ሲያሳይ ከርሟል። የብርቄ ደብዳቤ የደረሰው አሮጌው ቤት ነው። «መሪጌታ፣ እነዚህ እኮ ሰው አይደሉም! ማሽን ናቸው!» አልኳቸው፣ እንባዬ እየመጣ።

«ከማሽኑ ጀርባስ ሰው የለም?» አሉኝ።

የአሮጌውን ቤት የደብዳቤ ሣጥን ልንከፍት ሞከርን፤ በዚያው ሳምንት ተዘግቷል። አንተነህ ለድርጅቱ ደወለላቸው። «ሥራ አቁመናል፤ ቀድመን አስታውቀናል፤ የቀረው ሁሉ ይደመሰሳል» ብለው ዘጉበት። ደግሞ ደወለ፤ አላነሡም። «እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አለን። ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። መሪጌታ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን ጠየቁኝ። «ምን ሊሉ?» ስላቸው፣ «ቀድሞውን ማለት የነበረብኝን» አሉ።

የዚያች ቀን ዕድላችን፣ አንዲት ልጅ አነሣች። ድምፁን ለእኔም እንዲሰማ አድርገውታል። ስለ ደብዳቤው ይለምኗታል ስል፣ መሪጌታ ሆዬ ብድግ ብለው ቆሙ፤ እንደ ካህን ፊት።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ከጋይንት ነው የምደውለው፤ ላቀው እባላለሁ። የማኅበራችንን ገጽ እናንተ ዘንድ አስቀምጠን፣ ክፉ ሳታሳዩን ኖራችኋል። እኛ ግን ቤት ስንለውጥ ቃል ሳንተነፍስ ወጣን። ነውር ነው። ላመሰግናችሁ፣ ልሰናበታችሁም ነው የደወልኩ።»

ልጅቷ ገርሟት ጠየቀች። «አባባ… ለመሰናበት ነው?»

«ለመሰናበት ነው። እጃችሁ ይባረክ። ሥራ ቢዘጋ ሌላ ሥራ ይክፈትላችሁ። ደጅ ጠንታችሁ አትቅሩ። አንቺንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።» ምርቃቱ ረዘመ፤ ስንት ነገር ተመረቀላት መሰላችሁ። ከዚያ፣ በሞትኩት፣ «በይ ደህና ሁኚ» ብለው ሊዘጉት! የተደወለበትን ጉዳይ ረስተውታል! ክንዳቸውን ቆነጠጥኳቸው።

ልጅቷ ግን ቀደመችን። ድምፅዋ ተለውጧል። «አባባ፣ ስንቱ ደንበኛ ደወለ መሰልዎት፤ ሁሉም የሚሰድብ ነው። የሚመርቅ ሲያጋጥመኝ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። ኧረ አይዝጉት። የቀረብዎት ነገር አለ?»

«ሲስተር ትንገርሽ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

ነገርኳት። ስለ ብርቄ ልብ፣ ስለ ዓርብ፣ ስለ አራቱ ጠቋሚዎች ሁሉንም። ማሽኖቹ መነቀላቸውን፣ ግን ገና እንዳልተደመሰሱ ነገረችኝ። አለቃዋን አስፈቅዳ ትሞክራለች። አንድ ነገር ግን አጥብቃ አለችኝ፦ ደብዳቤውን ለማኅበሩ አድራሻ ካልሆነ ለግለሰብ መላክ አትችልም፤ ሕጋቸው ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ ኔምሰርቨሮች መጀመሪያ ይውጡ፤ አለዚያ የምትልከውም መንገድ ስቶ ይቀራል።

መሪጌታ ተቀመጡ። መብራት እንዳይሄድብን እኔ በልቤ ስለት እሳላለሁ። የመጀመሪያውን የድሮ ስም ነክተው፣ አማትበው፣ ሰረዙት። ሁለተኛውንም። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ፣ ለማሽኖቹ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ሁለቱ አዲሶቹ ስሞች ብቻ ቀሩ።

እንግዲህ ለውጡ ለየጠያቂው እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል ተባልን። ሐሙስ እንዲሁ ዋለ። እናኑ ግቢው ውስጥ ልጇን አቅፋ ታየኛለች፤ እኔ ዓይኗን እሸሻለሁ። ልንገራት አልንገራት ስል ዋልኩ፤ ተስፋ ሳይኖር ሰቀቀን መስጠት ምን ይጠቅማል ብዬ ተውኩት። መሪጌታ ሐሙስን እህል ሳይቀምሱ ነው የዋሉ።

ዓርብ ጠዋት የገበያው ሰው ከየአቅጣጫው መግባት ጀምሯል። የአህያው፣ የሸማቹ፣ የሻጩ ድምፅ በመስኮት ይገባል። መሪጌታ ሣጥኑን ከፈቱ። በዕዝል ጀመሩ፤ ገጹ ግማሽ ላይ ቆመ። «በስመ አብ!» አልኩ። ወደ አራራይ ሲዞሩ፣ «ይተዉ፣ እሱን አያዚሙ!» ብዬ አፋቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ተከፈተ። ከላይ የዚያች ስልክ ያነሣች ልጅ መልእክት፣ ከሥሩ የሐኪሞቹ ደብዳቤ፣ በደብዳቤው ላይ የብርቄ ስም።

«ይጫኑት!» አልኳቸው።

«አንቺ ተጫኚው። የኔ እጅ አጥፍቷል» አሉ።

«ያጠፋው እጅ ነው መካስ ያለበት» አልኩና እጃቸውን ይዤ ማውሱ ላይ አደረግሁት። አብረን ተጫንነው። «ተቀብለናል» የሚል ሲመጣ፣ እኔ ያ ሁሉ ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ትከሻቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። የውጭው ዘበኛ ምን ሆኑ ብሎ በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው።

ብርቄ ሄደች። ቀዶ ሕክምናው ተሠራላት። ያለውን ጭንቅ አላወራም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምሆነውን እኔ አውቃለሁ። እናኑ ራሷ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «ሲስተር፣ ነቃች፤ እንጀራ ስጡኝ አለች» ስትለኝ፣ መርፌ የምወጋውን ሰውዬ ትቼ ግቢው ውስጥ እልል አልኩ። ሰውዬው ሱሪውን ይዞ ቆሞ አብሮኝ ይስቃል።

ከክረምቱ በኋላ ለምርመራ መጡ። መሪጌታን አስጠራኋቸው። ሲገቡ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ ተሸክመዋል። ምን ሊሠሩ ነው ስል፣ ሄደው እናኑ እግር ሥር ተንበረከኩ። ያ የቤተ ልሔም ድጓ አዋቂ፣ ያ ሽበታም ሰውዬ፣ ከስማዳ ገጠር ለመጣች ሴት!

«ይቅር በይኝ፣ እናቴ። የልጅሽ ደብዳቤ በኔ ጥፋት ጠፍቶ ነበር። ዓርብ ባናገኘው ኖሮ ልጅሽ አትተርፍም ነበር። ሳልነግርሽ ይህን ክረምት እንቅልፍ አልተኛሁ።»

እናኑ ደነገጠች። እሷ ምንም አታውቅም። «ኧረ በሞቴ ይነሡ! ኧረ አባቴ፣ ኃጢአት አያስገቡኝ!» ብላ ድንጋዩን ከትከሻቸው ነጠቀች። ከዚያ ግን ነገሩ ቀስ እያለ ገባትና ድንጋዩን እንደያዘች ተቀመጠች። ምን ትል ይሆን? መብቷ ነው፤ ብትራገምም መብቷ ነው።

ሳትናገር ከውጭ ዳና ሰማን። ብርቄ ናት። ግቢው ውስጥ ካሉት ልጆች ጋር ትሯሯጣለች፤ ከአጥሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ። እናኑ ድንጋዩን ጥላ ብድግ አለችና፣ «አንቺ! ቀስ! አትሩጪ ብዬሻለሁ!» ብላ ጮኸች። ያን ሁሉ ዓመት ስትለው የኖረችው ነው፤ ምላሷ ራሱ ነው የጮኸው። አፏን በእጇ ያዘች። እኔን አየችኝ፤ ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት።

ወደ መሪጌታ ዞረችና እጃቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። «ይማርዎት» አለች። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «በይ ተይው፣ ብርቄ… ሩጪ! ሩጪ፣ ልጄ!» ብላ ጮኸች።